ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ፤ የመርሐቤቴው ልጅና የባሕር ማዶ ትምህርት

የሰሜን ሸዋን ደጋ የረገጠ ሰው የጀማ ሸለቆ ምን ያህል ጥልቅ እንደሆነ ያውቃል። በጥንቱ ጊዜ ከመርሐቤቴ ተነሥቶ ወደ መሀል ሸዋ ለመሻገር ቁልቁለቱን በእግር ወይም በበቅሎ መውረድ፣ ከዚያ ደግሞ ዳገቱን መውጣት ግድ ነበር። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ የተወለዱት ከዚያ ሸለቆ ማዶ ደን በተባለ ሥፍራ፣ ሚያዝያ 30 ቀን 1870 ዓ.ም ነው። ስለ ደራሲነታቸው ብዙ ተጽፏል። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ ግን ባሕር ማዶ ሄዶ የመማር ዕድል ለማን ይደርስ ነበር የሚለውን ጥያቄ በሕይወታቸው በኩል መመልከት ነው።

ኅሩይ የቤተ ክህነት ትምህርት ፍሬ ናቸው። እንጦጦ ራጉኤል ተምረዋል፤ ውጭ ሀገር ሄደው ግን ትምህርት ቤት አልገቡም። ከመርሐቤቴ አውጥቶ ቤተ መንግሥት ያደረሳቸው የግዕዝ ዕውቀታቸውና ብዕራቸው ነው። ዓለምን ያዩትም በመልእክተኛነት ነው። በ1903 ዓ.ም ለንጉሥ ጆርጅ አምስተኛ የዘውድ በዓል እንግሊዝ ሄዱ፤ በ1911 አሜሪካን አዩ፤ በ1916 ከአልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን ጋር አውሮፓን ዞሩ፤ በ1924 ደግሞ ጃፓን ደርሰው ተመለሱ። ያዩትንም ለራሳቸው ብቻ አላስቀሩትም፤ መሄድ ያልቻለው ሰው እንዲያነበው እየጻፉ አሳተሙ።

ታዲያ በዚያ ዘመን ለትምህርት የሚላከው ማን ነበር? ባብዛኛው የመኳንንት ልጅ፣ ወይም በቤተ መንግሥት አለዚያም በሚሲዮን በኩል ሰው ያለው ነው። የኅሩይ የራሳቸው ልጆችም ለዚህ ምስክር ናቸው። ፈቃደ ሥላሴ ካምብሪጅ፣ ሲራክ ደግሞ ኦክስፎርድ ገብተው ተምረዋል። ከሴቶች ውጭ የተማሩት እጅግ ጥቂት ሲሆኑ፣ ከነሱ አንዷ ስንዱ ገብሩም የከንቲባ ገብሩ ደስታ ልጅ ናቸው። አባት የሌለው ወይም አባቱ ገበሬ የሆነ የደን ልጅ ግን ማን ያውቀው ነበር?

ኅሩይ ይህን ልጅ በልብ ወለድ አስበውታል። በ1925 ዓ.ም ባሳተሙት አዲስ ዓለም በተባለው መጽሐፍ አወቀ የሚባል የተጉለት ወጣት ትምህርት ቢናፍቅም የሚልከው አላገኘም። ስለዚህ የአንድ ፈረንሳዊ አሽከር ሆኖ ፓሪስ ገባ፣ እዚያም ተማረ። ወገን የሌለው ልጅ የነበረው በር ይኸው ነበር ማለት ነው። ሲመለስስ? በተዝካር ድግስና በጋብቻ ሥርዓት ከዘመዶቹ ጋር ተጋጨ። ደራሲው የሚያሳዩን መሄዱ ብቻ ሳይሆን ተመልሶ ከወገን ጋር መኖሩም ከባድ መሆኑን ነው።

የኅሩይ መጨረሻ ያሳዝናል። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሳሉ በ1928 ዓ.ም ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ተሰደዱ። ፈቃደ ሥላሴ የጥቁር አንበሳ አርበኛ ሆነው ተዋግተው ተማረኩ፤ በግራዚያኒ ላይ ከተቃጣው የየካቲት 1929 ሙከራ በኋላ ጣልያን ከሌሎች የተማሩ ወጣቶች ጋር ገደላቸው። ቀድሞም በጣት የሚቆጠሩ ስለነበሩ ሲገደሉ የሚተካቸው አልነበረም። ዕድሉ ለብዙዎች ደርሶ ቢሆን ኖሮ ጉዳቱ እንዲህ ባልከፋ ነበር። ኅሩይም የልጃቸውን ሐዘን እንደያዙ መስከረም 9 ቀን 1931 ዓ.ም እንግሊዝ ሀገር ባዝ ከተማ ላይ ዐረፉ። ሲራክ ግን ተርፈው የሳሙኤል ጆንሰንን ራሴላስ ወደ አማርኛ መለሱ።

ይህ ሁሉ ያለፈ ታሪክ ነው ብለን መተው እንችላለን። ግን ከመንዝ፣ ከግሼ ወይም ከመርሐቤቴ የመጣ ተማሪ ዛሬም ቢሆን ማስታወቂያውን በወቅቱ ካልሰማ፣ ለፓስፖርትና ለእንግሊዝኛ ፈተና የሚከፍለው ከሌለው፣ አዲስ አበባ የሚያሳርፈው ዘመድ ካላገኘ፣ ውድድሩ ለሁሉም ክፍት ነው መባሉ ምን ይጠቅመዋል? የአውሮፓ ኅብረት ኢራስመስ ፕላስ የተባለው የልውውጥ ፕሮግራም ከ2021 እ.ኤ.አ ጀምሮ ዕድል ላነሳቸው ተሳታፊዎች ተጨማሪ ድጎማ እንዲሰጥ አድርጓል። የአካል ጉዳተኛው፣ የድሃው፣ የገጠሩ ልጅ ወጪ ከሌላው እንደሚበልጥ ተቀብሏል ማለት ነው።

በአጠቃላይ ከኅሩይ ሕይወት የምንማረው ጎበዝ ልጅ ከየትኛውም ሸለቆ ማዶ ሊወጣ እንደሚችል ነው። ሁሉም ግን እንደሳቸው ቤተ መንግሥት የሚያደርስ መንገድ አያገኝም። ስለዚህ ዕድል የሚሰጥ ክፍል ሁሉ ማን አመለከተ ብሎ ብቻ ሳይሆን ማን ሳያመለክት ቀረ ብሎም መጠየቅ ይገባዋል።