ዣን አንሪ ፋብር

ዣን አንሪ ፋብር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1823 ዓ.ም. በደቡብ ፈረንሳይ፥ ሴን ሌዮን በምትባል መንደር ከድኻ ቤተሰብ ተወለደ። በወጣትነቱ ለዕለት ጉርሱ በገበያ ሎሚ እስከ መሸጥ ቢደርስም ትምህርቱን አልተወም። በአቪኞ ከተማ ወደሚገኘው የመምህራን ማሠልጠኛ ተወዳድሮ ገባ፤ በ1842ም መምህር ሆነ።

ፋብር በ1860ዎቹ መጨረሻ በአቪኞ ያለ ክፍያ ለሕዝብ ያስተምር ነበር። ከአድማጮቹም መካከል ልጃገረዶች ነበሩ። አበባ ወንዴና ሴቴ ክፍል እንዳለውና እንዴት ፍሬ እንደሚይዝ ቢያስረዳቸው፥ ይህን ለሴት ልጅ ማስተማር ነውር ነው የሚሉ ሰዎች ተነሡበት። በ1870 አምስት ልጆች ይዞ ከተከራየው ቤት እንዲወጣ ተደረገ፤ ሥራውንም ለቀቀ። በዚህ ጭንቅ ጊዜ እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጆን ስቱዋርት ሚል 3000 ፍራንክ አበደረው። ፋብር ወደ ኦራንዥ ከተማ ሄዶ የትምህርት መጻሕፍት በመጻፍ ቤተሰቡን አስተዳደረ፤ ዕዳውንም ከፈለ።

በ1879 በሴሪኛን መንደር ድንጋያማ ጠፍ መሬት ገዛ። ለሌላው የማይረባው ያ መሬት ለእርሱ የምርምር ቦታ ሆነለት። በግንቦት ወር በግቢው ሊላክ በሚባለው ተክል አበባ ላይ የሚሰፍሩትን አረንጓዴ የአበባ ጢንዚዛዎች ተከታተለ። ጢንዚዛዋ እንቁላሏን በበሰበሰ ቅጠል ክምር ውስጥ እንደምትጥል፥ ዕጩም ቅጠሉን እየበላ ወደ ለም አፈር እንደሚለውጥና በእግሩ ሳይሆን በጀርባው እንደሚሄድ ተመልክቶ ጻፈ።

እነዚህ ጢንዚዛዎች አበባ ሲመገቡ ብናኙ በአካላቸው ጠጕር ላይ ይጣበቃል። ወደ ሌላ አበባ ሲዛወሩም ብናኙን ለሴቴው ክፍል ያደርሳሉ። ስለዚህ ምንም እንኳ አበባውን በመብላት ቢጎዱት፥ እንደ ንብ ሁሉ ተክሉ ዘር እንዲሰጥ ይረዳሉ። በደቡብ አፍሪካ ጠጕራም የሆኑ ዘመዶቻቸው ለብዙ የዱር አበቦች ዋና ብናኝ አመላላሾች ናቸው።

ፋብር ስለ ነፍሳት ያየውን ከ1879 እስከ 1907 በ10 ቅጾች አሳተመ። በ1915 በ91 ዓመቱ ሲያርፍ፥ በአበባ ትምህርት ምክንያት የተሰደደው መምህር ስሙ በዓለም የታወቀ ሊቅ ሆኖ ነበር።

ጥያቄዎች
1. ፋብር ከአቪኞ የወጣው ለምንድን ነው?
2. የአበባ ጢንዚዛ ለተክል የሚሰጠውን ጥቅምና የሚያደርሰውን ጉዳት በአንድ አንቀጽ አነጻጽሩ።