ዋላስ ክሌመንት ሴቢን

ዋላስ ክሌመንት ሴቢን (ጁን 13 ቀን 1868 – ጃንዩዌሪ 10 ቀን 1919 እ.ኤ.አ.) አሜሪካዊ የፊዚክስ ሊቅና የሥነ ሕንፃ አኩስቲክስ መሥራች ነበር። ድምፅ በአንድ ክፍል ውስጥ ለምን እንደሚጠራ ወይም ለምን እንደሚደበላለቅ በቁጥር ማስላት የተቻለው በእርሱ ሥራ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።)

ትምህርት

ሴቢን የተወለደው በኦሃዮ ክፍለ ሀገር፣ ሪችዉድ በምትባል ከተማ ነው። በ1886 ገና በ18 ዓመቱ ከኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመረቀ። ከዚያ ወደ ሃርቫርድ ሄዶ በ1888 የማስተርስ ዲግሪውን ያገኘ ሲሆን በዚያው በመምህርነት ቀረ። የዶክትሬት ዲግሪ ግን ፈጽሞ አልያዘም።

የፎግ አዳራሽ

በ1895 ሃርቫርድ የፎግ የሥነ ጥበብ ቤተ መዘክርን ከፈተ። በውስጡ የነበረው የትምህርት አዳራሽ ግን ሊያስተምሩበት የማይቻል ሆኖ ተገኘ። በባዶው አዳራሽ የተነገረ አንድ ቃል ከአምስት ሴኮንድ በላይ ሳይጠፋ ይቆይ ስለነበር ተናጋሪው ቀጣዮቹን ቃላት ሲናገር የፊተኛው ገና ያስተጋባ ነበር። የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ቻርልስ ኤሊየት መፍትሔ እንዲፈልግ ሴቢንን አዘዘው። በዚያ ዘመን ለእንዲህ ዓይነት ችግር የሚሰጠው መድኃኒት ባብዛኛው ግምት ነበር፤ አንዳንዶች ከጣሪያው ሥር ሽቦ ይዘረጉ ነበር፣ ይህም ምንም አይጠቅምም።

ሴቢን መለካትን መረጠ። ከተማው ጸጥ ካለ በኋላ፣ ከእኩለ ሌሊት እስከ ንጋት፣ በሴኮንድ 512 ጊዜ የሚርገበገብ የኦርጋን ቧንቧ እየነፋ ድምፁ ከቆመ በኋላ እስከ መቼ ለጆሮ እንደሚሰማ በጊዜ መመዝገቢያ ለካ። ይህን ጊዜ ቀሪ ድምፅ እንበለው። ባዶው አዳራሽ 5.62 ሴኮንድ ሰጠው። ከዚያ ከረዳቶቹ ጋር ከሳንደርስ ቲያትር የመቀመጫ ትራሶችን እየተሸከመ አምጥቶ በየጊዜው ጥቂት ጥቂት እየጨመረ ደግሞ ለካ፤ ጠዋት ትራሶቹ ወደ ቦታቸው መመለስ ነበረባቸው። ትራሱ ሲበዛ ቀሪው ድምፅ አጠረ።

በመሃሉ አንድ ችግር ገጠመው። የራሱ ልብስም ድምፅ እንደሚውጥ፣ ልብሱን በቀየረ ቁጥርም ውጤቱ እንደሚለዋወጥ ተረዳ። በሺህ የሚቆጠሩ ልኬቶችን ጥሎ ሥራውን አንድ ዓይነት ልብስ እየለበሰ እንደገና ጀመረ። የሠራው ነገር ሁሉ የሚታመነው ባብዛኛው በዚህ ምክንያት ነው።

የሴቢን ቀመር

በ1898 የተጠራቀሙትን ቁጥሮች ሲመረምር ግራፉ ሃይፐርቦላ መሆኑን አየ። ትርጉሙ ቀላል ነው፦ ቀሪው ድምፅ የሚቆይበት ጊዜ ክፍሉ በሰፋ ቁጥር ይረዝማል፣ ድምፅ የሚውጥ ነገር በበዛ ቁጥር ያጥራል። በሜትር ሲሰላ፣ 0.161 በክፍሉ ይዘት ተባዝቶ ለጠቅላላው የመዋጥ አቅም ይካፈላል። መለኪያው ክፍት መስኮት ነው፤ በመስኮት የወጣ ድምፅ አይመለስምና 1 ካሬ ሜትር ክፍት መስኮት እንደ 1 ይቆጠራል።

የመጀመሪያው ትልቅ ፈተና የቦስተን ሲምፎኒ አዳራሽ ነበር። የላይፕዚግን ታዋቂ አዳራሽ አስፍቶ የመሥራት ሐሳብ ሲቀርብ፣ ይዘቱ በማደጉ ቀሪው ድምፅ ከልክ በላይ እንደሚረዝም ሴቢን በስሌት አሳየ፤ ንድፉም ጠበብ ወዳለና ረዥም ቅርጽ ተለወጠ። አዳራሹ ኦክቶበር 15 ቀን 1900 ሲከፈት አስተያየቱ የተደባለቀ ነበር። ዛሬ ግን በዓለም ከሚገኙት ምርጥ አዳራሾች አንዱ ተብሎ ይቆጠራል።

በመኖሪያ ቤት

ቀመሩ ለሳሎንም ይሠራል። ርዝመቱ 5፣ ወርዱ 4፣ ከፍታው 3 ሜትር የሆነ፣ ወለሉ ሴራሚክ፣ መስኮቱ ሰፊ መስታወት የሆነ ሳሎን እንውሰድ። ይዘቱ 60 ሜትር ኩብ ነው። የመዋጥ አቅሙ 6 ቢሆን ቀሪው ድምፅ 1.6 ሴኮንድ ገደማ ይቆያል፤ የፊልም ንግግር ይደበላለቃል፣ ድምፁን ከፍ ማድረግም አያጠራውም። ምንጣፍ፣ ወፍራም መጋረጃና የጨርቅ ሶፋ አቅሙን ወደ 18 ቢያደርሱት ጊዜው ወደ ግማሽ ሴኮንድ ይወርዳል። አንድ ጎኑ ወደ ኮሪደር የተከፈተ ሳሎን ደግሞ በዚያ በኩል እንደ ክፍት መስኮት ድምፅ ያጣል፤ ስለዚህ በግድግዳ በኩል ያለው ስፒከር ከሌላው ገኖ ይሰማል።

ሆኖም ሴቢን ራሱ በኋላ እንዳሳየው ቁሳቁሶች ቀጭንና ወፍራም ድምፅን እኩል አይውጡም። መጋረጃ ቀጭኑን ይውጣል፣ ወፍራሙን ግን እምብዛም አይነካውም። በተጨማሪም ቀመሩ የተገኘው ድምፅ በየአቅጣጫው በሚሠራጭባቸው ሰፊ አዳራሾች ነው። በትንሽ ክፍል 40 ኸርዝ ድምፅ የሞገድ ርዝመቱ ከ8 ሜትር ስለሚበልጥ በግድግዳዎች መካከል ይቆማል፤ በአንድ ወንበር ቤዙ ይጮኻል፣ በሌላው ይጠፋል። ለዚህ ምንጣፍ ከመጨመር ይልቅ ሰብዉፈሩን ከማዕዘን፣ ሶፋውንም ከኋላ ግድግዳ ማራቅ ይሻላል።

የመጨረሻ ዓመታት

ሴቢን በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወቅት በፓሪስ ሶርቦን አስተማረ፣ ለአሜሪካ የጦር አቪዬሽንም ሠራ። በኢሊኖይ፣ ጄኔቫ ከተማ ለምርምሩ ተብሎ የተሠራው የሪቨርባንክ ላቦራቶሪ በ1918 ተጠናቀቀ፤ እርሱ ግን ሳይሠራበት በ50 ዓመቱ በኩላሊት ሕመም አረፈ። ላቦራቶሪውን ዘመዱ ፖል ሴቢን ተረከበ። ጽሑፎቹ በ1922 በአንድ መጽሐፍ ተሰባስበው ታተሙ፣ የድምፅ መዋጫ መለኪያውም በስሙ ሴቢን ተብሏል። ሥራው የተጀመረበት የፎግ አዳራሽ በ1973 ፈርሷል።