ጆርጅ ፖርተር፦ ብልጭታን መሣሪያ ያደረጉት ኬሚስት

የሌዘር ምትን ቅርጽ በማስተካከል አንድ ሞለኪውል በተፈለገው ትስስሩ ላይ እንዲበጠስ ለማድረግ የሚጥሩ ቤተ ሙከራዎች ሁሉ ለጆርጅ ፖርተር ባለውለታ ናቸው። ሞለኪውል በብርሃን ተመትቶ ሲፈርስ፣ ከምቱ በኋላና ከመጨረሻው ውጤት በፊት ባለው ቅጽበት ምን እንደሚገኝ በቀጥታ ለማየት ከቻሉት ቀዳሚዎች አንዱ እርሳቸው ናቸውና።

ፖርተር እ.ኤ.አ. በ1920 በእንግሊዝ አገር ዮርክሻየር ውስጥ ስቴይንፎርዝ በተባለች ስፍራ ተወለዱ። በሊድስ ዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪ ካጠኑ በኋላ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በባሕር ኃይል የራዳር መኮንን ሆነው አገለገሉ። ከጦርነቱ በኋላ በካምብሪጅ ከሮናልድ ኖሪሽ ጋር ነጻ ራዲካሎችን ማጥናት ያዙ። ችግሩ ግልጽ ነበር፤ ራዲካሎቹ ተፈጥረው ወዲያው ስለሚጠፉ፣ ሳያቋርጥ የሚበራ መብራት ለመታየት የሚበቃ መጠን ሊያከማች አይችልም። ራዳር ግን አጭርና ብርቱ ምት ምን ሊሠራ እንደሚችል አስተምሯቸዋል። እናም ብርቱ የብልጭታ መብራት አምጥተው ጋዙን በአንድ ምት አፈረሱት፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሁለተኛ ደካማ ብልጭታ ለቀው የፍርስራሹን ስፔክትረም በፎቶግራፍ መዘገቡ። በሁለቱ መካከል ያለውን ጊዜ መለዋወጥ የሂደቱን ታሪክ በየደረጃው ለማንበብ አስቻለ። በ1949 ይፋ የሆነው ይህ ስልት ፍላሽ ፎቶሊሲስ ተባለ።

ከቀደምት ግኝቶቹ አንዱ የክሎሪንና የኦክሲጅን ድብልቅ በብልጭታ ሲመታ የሚፈጠረው የክሎሪን ሞኖክሳይድ ራዲካል ነው። በወቅቱ የጠባብ ሙያ ጉዳይ መስሎ የታየው ይህ ራዲካል፣ ከዓመታት በኋላ የኦዞን ሽፋንን በሚያሳሳው ሂደት ውስጥ ዋና ተዋናይ ሆኖ ተገኘ።

ፖርተር በ1955 በሼፊልድ ፕሮፌሰር፣ በ1966 የለንደኑ ሮያል ኢንስቲትዩሽን ዳይሬክተር ሆኑ፤ በ1967ም ከኖሪሽና ከማንፍሬድ አይገን ጋር የኖቤል ሽልማትን ተካፈሉ። ሽልማቱ አላሳረፋቸውም። በዚያው አሥር ዓመት መጨረሻ መብራቱን በሌዘር ተክተው ወደ ናኖሰከንድ፣ ቀጥሎም ፎቶሲንተሲስን ለመመርመር ወደ ፒኮሰከንድ ወረዱ። ሌሎች በ1980ዎቹ ፌምቶሰከንድ ላይ ደረሱ፤ ከሚሊሰከንዱ ብልጭታ ወዲህ አሥራ ሁለት የአሥር ደረጃዎች ከአርባ ዓመት ባነሰ ጊዜ ተወረዱ ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ልዩነት መታወቅ ይገባዋል። የፖርተር ሁለተኛ ብልጭታ ያያል እንጂ አይመራም፤ የመጀመሪያውም ቢሆን ያፈርሳል እንጂ አይመርጥም። ከብርሃኑ የተገኘው ጉልበት በሞለኪውሉ ውስጥ ፈጥኖ ስለሚሰራጭ፣ በአብዛኛው ደካማው ትስስር ይበጠሳል። በ1985 ዴቪድ ታነርና ስቱዋርት ራይስ በንድፈ ሐሳብ ያመለከቱት መንገድ ሁለቱን ምቶች ጠብቆ የሁለተኛውን ተግባር ለወጠ፤ በተመረጠ ቅጽበት የሚደርሰው ምት የሞለኪውሉን ጉዞ ወደ ሌላ አቅጣጫ ያዞራል። በ1992 ጃድሰንና ራቢትዝ የሙከራው ውጤት ራሱ የምቱን ቅርጽ እንዲያርም ሐሳብ አቀረቡ። በ1998 ደግሞ የቩርትስቡርግ ተመራማሪዎች በዚህ ስልት የአንድን ብረት አዘል ውሕድ የመፍረሻ መንገዶች ምጣኔ መለወጥ እንደሚቻል አሳዩ።

ታነርና ራይስ ሐሳባቸውን ባቀረቡበት ዓመት ፖርተር የሮያል ሶሳይቲ ፕሬዚዳንት ሆነው እስከ 1990 አገለገሉ። መንግሥት ምርምር ፈጣን ጥቅም እንዲያስገኝ ሲወተውት፣ እርሳቸው ለመሠረታዊ ሳይንስ በአደባባይ ተሟገቱ፤ በእርሳቸው እምነት ምርምር የሚከፈለው ሥራ ላይ በዋለና ገና ባልዋለ ብቻ ነበር። በ1999 አሕመድ ዘወይል በፌምቶኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት ሲቀበሉ ፖርተር በሕይወት ነበሩ። ነሐሴ ወር 2002 በካንተርበሪ አረፉ።