ያልተበላው ስኳር ከየት ይመጣል? የክሎድ በርናርድ ሕይወትና ሥራ

በመቀሌ ከተማ የሚኖር ሁለተኛው ዓይነት የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ከእራት በኋላ ምንም ሳይቀምስ አድሮ ማለዳ በአይደር ሆስፒታል ሲመረመር፣ በደሙ ውስጥ ያለው ስኳር ከፍ ብሎ ሊገኝ ይችላል። በጾም ወቅትም ይኸው ሊያጋጥመው ይችላል። ሰውየው ያልበላው ስኳር ከየት መጣ ለሚለው ጥያቄ መልስ የሰጡት ከ170 ዓመታት በፊት በፓሪስ ምርምር ያካሄዱት ፈረንሳዊው ሳይንቲስት ክሎድ በርናርድ ናቸው።

በርናርድ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 12 ቀን 1813 ሴን ዡሊየን በተባለች የፈረንሳይ መንደር ከወይን አምራች ቤተሰብ ተወለዱ። በወጣትነታቸው በሊዮን ከተማ በአንድ መድኃኒት ቀማሚ ዘንድ ተቀጥረው ሠርተዋል። በዚያም የተበላሹ መድኃኒቶች ቅሪት ተጠራቅሞ የብዙ በሽታ ፈውስ ተብሎ ሲሸጥ በማየታቸው በማስረጃ ያልተደገፈ ሕክምናን መጠራጠር ጀመሩ።

የልባቸው ምኞት ግን ጸሐፌ ተውኔት መሆን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1834 ድርሰታቸውን ይዘው ፓሪስ ቢገቡም፣ ያነበበላቸው ሐያሲ ሕክምና እንዲማሩ መከራቸው። ምክሩን ተቀብለው በ1843 በሕክምና ዶክትሬታቸውን ተቀበሉ፤ በታዋቂው ተመራማሪ ፍራንሷ ማዠንዲ ቤተ ሙከራም በረዳትነት አገለገሉ።

በዘመኑ ስኳር የሚሠሩት ዕፅዋት ብቻ እንደሆኑ፣ እንስሳትም ከምግብ ብቻ እንደሚያገኙት ይታመን ነበር። በርናርድ በ1848 ሥጋ ብቻ የተመገበ ውሻ መርምረው ከጉበቱ በሚወጣው ደም ውስጥ ስኳር አገኙ። በ1855 ደግሞ ከአንድ እንስሳ የወጣ ጉበት ስኳሩ እስኪጠፋ ድረስ በውኃ ካጠቡ በኋላ በማግሥቱ ቢመረምሩት ስኳር ዳግም ተገኘበት። በ1857 ጉበት ስኳርን የሚያከማችበትን ግላይኮጅን የተባለ ንጥረ ነገር ለይተው አወጡ።

ከዚህ ያላነሰ ግምት የሚሰጠው የ1849 ሙከራቸው ነው። የአንዲትን ጥንቸል የአንጎል ግንድ በመርፌ ሲወጉ የደሟ ስኳር ለጊዜው ከፍ ብሎ በሽንቷ ታየ። በዚህም የነርቭ ሥርዓት በስኳር መጠን ላይ ሥልጣን እንዳለው አረጋገጡ።

ለዚህ ዕውቀት የተከፈለው ዋጋ ቀላል አልነበረም። ሙከራው በሕይወት ባሉ እንስሳት ላይ ይካሄድ ስለነበር፣ ይዘውት በመጡት ሀብት ምርምሩን የደገፉት ባለቤታቸው አጥብቀው ተቃወሙት፤ ትዳሩም በመለያየት አበቃ። ሴት ልጆቻቸውም ከእናታቸው ጎን ቆሙ። በርናርድ የካቲት 10 ቀን 1878 ሲያርፉ ፈረንሳይ ለሳይንቲስት አድርጋው በማታውቀው ክብር በመንግሥት ሥርዓት ቀበረቻቸው።

ውርሳቸው ዛሬም በመቀሌ የሕሙማን እጅ ይገኛል። ለሁለተኛው ዓይነት የስኳር ሕመም በስፋት የሚታዘዘው ሜትፎርሚን በዋናነት የሚሠራው ጉበት የሚያመነጨውን ስኳር በመቀነስ ነው። የተለያዩ አገሮች ተመራማሪዎችም ነርቭን በአነስተኛ የኤሌክትሪክ ኃይል በመቀስቀስ የስኳርን መጠን ለመቆጣጠር እየሞከሩ ሲሆን፣ መነሻቸው በርናርድ የጠቆሙት የነርቭና የጉበት ግንኙነት ነው። ጡንቻን በኤሌክትሪክ እንዲኮማተር የማድረግ ዘዴም ይጠናል፤ የሚሠራ ጡንቻ ያለ ኢንሱሊን ትእዛዝም ስኳርን ከደም ይስባልና።

ይሁን እንጂ እነዚህ ዘዴዎች ገና በጥናት ላይ በመሆናቸው መድኃኒትን አይተኩም። እ.ኤ.አ. ከ2020 እስከ 2022 በነበረው ጦርነት በመቀሌ ኢንሱሊንና ሌሎች መድኃኒቶች በጠፉበት ወቅት ሕሙማን የደረሰባቸው ጉዳት የመድኃኒትን አስፈላጊነት በግልጽ አሳይቷል። ጉበት ሰው ባይበላም ሥራውን አያቆምምና፣ የሚጾም ሕመምተኛ አልበላሁም ብሎ መድኃኒቱን በራሱ ውሳኔ ከማቋረጥ ይልቅ አስቀድሞ ሐኪሙን ማማከር ይኖርበታል።