ሙሴ ኢልግ፦ ባቡሩ አዲስ አበባ ሲገባ ሳያይ ያለፈው መሐንዲስ

ከመካከላችን ለገሃርን የማያውቅ ጥቂት ነው። ስሙ የመጣው የባቡር ጣቢያ የሚል ትርጉም ካለው «ላ ጋር» ከተባለው የፈረንሳይኛ ቃል ነው። ዛሬ የምናስታውሰው ባቡሩን እዚያ ለማድረስ ዕድሜውን የሰጠውን ስዊዘርላንዳዊ አልፍሬድ ኢልግን ነው። ዘመኖቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኢልግ በ1854 በፍራውንፌልድ ከተማ ተወለደ። በዙሪክ ምህንድስና ተማረ። የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ የእጅ ሙያ ያለው አውሮፓዊ ይፈልጉ ነበርና ከሁለት የአገሩ ልጆች ጋር ተጉዞ በ1879 አንኮበር ገባ። ገና በሃያዎቹ አጋማሽ ላይ ነበር።

ሐዲድ አይቶ ለማያውቅ ሰው ስለ ባቡር በቃል ማስረዳት ከባድ ነው። ስለዚህ ኢልግ ትንሽ ሞዴል ባቡር ከነሐዲዱ ሠርቶ ለንጉሡ አሳየ ይባላል። የእንፋሎት ባቡር አሠራሩ እንዲህ ነው፦ እሳቱ ውሃውን ያፈላል፣ የታመቀው እንፋሎት ፒስተኑን ይገፋል፣ ፒስተኑም በዘንግ ጎማውን ያዞራል። ትንሹም ትልቁም በዚሁ መንገድ ይሄዳል።

ምኒልክ ነገሩን ወደዱት። ነገር ግን ያኔ ከዐፄ ዮሐንስ በታች ነበሩና ሥራው መቆየት ነበረበት። እስከዚያው ኢልግ በአዋሽ ላይ ድልድይ ሠራ፤ በኋላም ወደ ቤተ መንግሥቱ ውሃ በቧንቧ አስገባ።

ምኒልክ በ1889 ንጉሠ ነገሥት ሆኑ። ማርች 9 ቀን 1894 ለኢልግ ለ99 ዓመት የሚጸና የባቡር ሥራ ፈቃድ ሰጡት። ፈረንሳዊው ሊዮን ሸፍኔ ተባባሪው ሆነ። ሥራው በ1897 ከጅቡቲ ተጀመረ፤ በዚያው ዓመት ምኒልክ ኢልግን የመንግሥት አማካሪያቸው አድርገው ሾሙት።

የሐዲዱ ስፋት አንድ ሜትር ነበር። በ1892 የተከፈተው የያፎና የኢየሩሳሌም ባቡርም መጀመሪያ ላይ እንዲሁ ነበር። ርዝመቱ ግን 87 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። የኢትዮጵያው 784 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ከባሕር ጠረፍ ወደ 2,300 ሜትር ከፍታ ይወጣ ነበር። የእንፋሎት ባቡር ያለ ውሃ አይንቀሳቀስም፤ መንገዱ ደግሞ በረሃ ነው።

ሐረር በተራራ ላይ ስለሆነች ሐዲዱ በቆላው በኩል አለፈ። በ1902 መጨረሻ ባቡሩ የደረሰበት ቦታ ድሬዳዋ ሆነ። እዚያ ላይ ገንዘብ አለቀ። ፈረንሳይ፣ እንግሊዝና ጣሊያንም በመስመሩ ላይ ተፎካከሩ። ኩባንያው ከሰረ። ኢልግም በ1907 ሹመቱን ለቆ በአገሩ ቀረ።

ሥራውን ሌላ የፈረንሳይ ኩባንያ ቀጠለው። ኢልግ በጥር 1916 ዙሪክ ውስጥ አረፈ። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በቀጣዩ ዓመት በ1917 ነው።

ወላጆች፣ ከልጆቻችሁ ጋር አሽዶድ ጣቢያ ባቡር ስትጠብቁ ይህን ታሪክ ንገሯቸው። እኛም የተሳፈርነው ሌሎች ጀምረው ፍጻሜውን ባላዩት መንገድ ላይ ነው።