አስታራቂው ሚኒስትር፦ አቶ ከተማ ይፍሩ



ከቃሊቲ በቀላል ባቡር ተሳፍረን መስቀል አደባባይ ስንወርድ፣ ዳገቱን ጥቂት ወጣ ብሎ አፍሪካ አዳራሽ ይገኛል። ብዙዎቻችን በበሩ እናልፋለን፤ እዚያ የተሠራውን ሥራ ግን ብዙም አናውቀውም። በዛሬው እትማችን ከሥራው ባለቤቶች አንዱን እናነሣለን።

አቶ ከተማ ይፍሩ በ1922 ዓ.ም. በሐረርጌ ጋራ ሙለታ ተወለዱ። አሜሪካ ተምረው ተመለሱ፤ ገና በሠላሳዎቹ ዕድሜ መጀመሪያ ላይ ሳሉ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርን መምራት ጀመሩ። በዚህ ኃላፊነት አሥር ዓመት ያህል ቆዩ።

ያኔ ነጻ የወጡት የአፍሪካ አገሮች የካዛብላንካና የሞንሮቪያ ቡድን ተብለው ተከፍለው ነበር። አቶ ከተማ ኢትዮጵያ ለአንዱ ከምትወግን ሁለቱን ታገናኝ ብለው ንጉሠ ነገሥቱን አሳመኑ። መሪዎቹ አዲስ አበባ እንዲመጡ ከአገር አገር እየዞሩ ወተወቱ። ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. ከ30 በላይ አገሮች የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን መሠረቱ።

ፈተናው ወዲያው መጣ። ስድስት ወር ሳይሞላ ሁለት ሙስሊም ጎረቤታሞች፣ ሞሮኮና አልጄሪያ፣ በሰሃራ ድንበር ተዋጉ። በጥቅምት 1956 ዓ.ም. አፄ ኃይለ ሥላሴና የማሊው ፕሬዚዳንት ሞዲቦ ኬይታ ንጉሥ ሐሰንንና ፕሬዚዳንት ቤን ቤላን ባማኮ ላይ አገናኝተው ተኩስ እንዲቆም አደረጉ። በኅዳር የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሮች አዲስ አበባ ተሰብስበው ጉዳዩን ለሰባት አገሮች ኮሚሽን ሰጡ፤ ኢትዮጵያም አንዷ ነበረች። የድንበር ስምምነቱ የተፈረመው ግን በ1964 ዓ.ም. ነው። ጠመንጃው በሳምንታት ዝም አለ፤ ድንበሩን መስማማት ዓመታት ፈጀ።

በ1956 ዓ.ም. በየካቲት ኢትዮጵያና ሶማሊያ ተዋጉ። አስታራቂው ሚኒስትር አሁን ራሳቸው ባለጉዳይ ሆኑ። ሱዳን መሐል ገብታ በመጋቢት ካርቱም ላይ ተኩስ ቆመ። ሌላውን ታረቅ ማለት ይቀላል፤ ራስ ተበደልኩ ሲሉ ለሽምግልና መቀመጥ ግን ከባድ ነው።

ሁሉም ሰመረ አንልም። አገራችን ለሌሎች እርቅ ስትሮጥ በኤርትራ የራሷ ጦርነት እየከፋ ነበር፤ ከሶማሊያ ጋርም በ1969 ዓ.ም. ዳግም ጦርነት ተነሣ። አቶ ከተማ ራሳቸው ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ ለዓመታት ታሰሩ። ሲፈቱ በዓለም የምግብ ፕሮግራም አገለገሉ፤ በ1986 ዓ.ም. አረፉ።

ታዲያ ምን እንውሰድ? ሱረቱል ሑጁራት የተጣሉትን በፍትሕ እንድናስታርቅ ያስተምረናል። የእኛ ድንበር የዶርም አልጋና የብሔር ሐሜት ሊሆን ይችላል። ሁለት ጓደኞቻችን ሲኳረፉ ለአንዱ ወግነን ወሬ እናቀብላለን ወይስ ሁለቱን ለማገናኘት ደጋግመን እንመላለሳለን? አንድ ቀን ሞክረን እምቢ ሲሉን አንተው። እኛም በተራችን ስንጣላ ሽማግሌ እንስማ።

አላህ ከሚያስታርቁት ያድርገን። አሚን።