ሮበርት ሎይድ ሊንድሴይ፦ ሰንደቅ ዓላማና ቀይ መስቀል

ሮበርት ሊንድሴይ በስኮትላንድ፣ ፋይፍ በተባለው አውራጃ፣ ባልካረስ በሚባለው የቤተሰቡ ርስት እ.ኤ.አ. በ1832 ዓ.ም. ተወለደ። አባቱ ጄኔራል ስለ ነበሩ የእርሱም ወደ ውትድርና ማዘንበል የሚያስደንቅ አልነበረም። በ1850 ዓ.ም. በስኮትላንዳውያን የክብር ዘብ ክፍለ ጦር መኮንን ሆነ፤ እንግሊዝና ፈረንሳይ ከቱርክ ጋር ተባብረው ሩሲያን ለመውጋት ወደ ክሪሚያ ሲዘምቱም አብሮ ዘመተ።

ሴፕቴምበር 20 ቀን 1854 ዓ.ም. በአልማ ወንዝ አጠገብ፣ ክፍለ ጦሩ ዳገቱን ሲወጣ ሰልፉ ፈርሶ ወደ ኋላ ማፈግፈግ ጀመረ። የ22 ዓመቱ ሊንድሴይ ግን የንግሥቲቱን ሰንደቅ ዓላማ እንደ ያዘ ከስፍራው አልተነቃነቀም። በዚያ ዘመን የተበተነ ወታደር የሚሰበሰበው ዓላማውን አይቶ ነበርና፣ የእርሱ መጽናት ሰልፉ እንደ ገና እንዲጠገን ረዳ። ኖቬምበር 5 ቀን ደግሞ በኢንከርማን ጥቂት ሰዎች አስከትሎ ሩሲያውያንን በጨበጣ ውጊያ መለሰ፤ አንዱንም ራሱ ወግቶ ጣለ። ስለ እነዚህ ሥራዎች ንግሥት ቪክቶሪያ ጁን 26 ቀን 1857 ዓ.ም. በለንደን ሃይድ ፓርክ በእጃቸው የቪክቶሪያ መስቀል ኒሻን ከሸለሟቸው 62 ጀግኖች አንዱ ሆነ።

ብዙ ጸሐፊዎች የኒሻን ባለቤቶችን ታሪክ እዚህ ላይ ይዘጋሉ። በእኛ አስተያየት ግን የሊንድሴይ ትልቁ ሥራ ከዚህ በኋላ ነው። በ1858 ዓ.ም. የባለጸጋውን የሎርድ ኦቨርስቶንን ልጅ ሃሪየት ሎይድን አግብቶ ስማቸውን ከስሙ ጋር አዳበለ፤ በ1865 ዓ.ም. የፓርላማ አባል ሆነ። በሀብቱ ተደላድሎ ለመኖር የሚከለክለው አልነበረም።

በ1870 ዓ.ም. የፈረንሳይና የፕሩሲያ ጦርነት ሲነሣ፣ በጄኔቫ ስምምነት መሠረት የቁስለኞች መርጃ ማኅበር በእንግሊዝ እንዲቋቋም ለታይምስ ጋዜጣ ጻፈ፤ 1,000 ፓውንድም ከኪሱ ሰጠ። ማኅበሩ በኦገስት ወር ተቋቁሞ ሊቀ መንበርነቱን ያዘ። በዚያው ዓመት መጸው 40,000 ፓውንድ ይዞ ራሱ ወደ ጦርነቱ ስፍራ ሄደ። ግማሹን በቬርሳይ ለጀርመኖች፣ ግማሹን ደግሞ የጦሩን መስመር ተሻግሮ በተከበበችው ፓሪስ ለፈረንሳዮች አስረከበ። ጠላትን በገዛ እጁ የወጋ ወታደር ቁስለኛውን የማን ወገን ነህ ሳይል ገንዘቡን እኩል ማካፈሉን አንባቢ ልብ ይሏል።

በ1876 ዓ.ም. ሰርቢያ ከቱርክ ጋር ስትዋጋም ለእርዳታ ወደዚያው ተጓዘ። በ1885 ዓ.ም. ሎርድ ዋንቴጅ ተባለ። ጁን 10 ቀን 1901 ዓ.ም. ሲሞት ልጅ አልነበረውምና ማዕረጉ አብሮት ቀረ። ማኅበሩ ግን በ1905 ዓ.ም. የብሪታንያ ቀይ መስቀል ማኅበር ተብሎ ተደራጀ።